ወደ ግራ የዞረ ክር

ሙራድ ሶማሌ ተራ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። የመኪናው ኮፈን ሳይከፈት «ይሄን ያበላሸው እከሌ ነው» ካላለ ቀኑ የዋለለት አይመስለውም። ግራኝ ስለሆነ ድሮ «ግራኙ» ይሉት ነበር፤ ስሙ ሲገን ግን ያ ቅጽል ቀረለት።

በዘጠና ስምንት ክረምት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ እትዬ ሰዓደት አንዲት ቀይ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና አስጎትተው መጡ። የሟች ባለቤታቸው መኪና ናት፤ ሰውየው ካረፉ ወዲህ ደጅ ላይ ቆማ ከርማለች። አሮጌ ብትሆንም ሰውየው ከልጆቻቸው እኩል ያዩዋት ነበር ይባላል። ሴት ልጃቸው ለእሁዱ የኒካህ ሰርጌ በአባቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም ብላለች። መኪናዋ ደግሞ ሞታለች። ቁልፉ ሲዞር ፍሬቻው በራሱ ጊዜ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮሃል፣ ሞተሩ ጭጭ ነው። ሙራድ የወለሉን ሞኬት ረገጥ ሲያደርገው ውሃ ተንቦጫረቀ። ዝናቡ በሞተሩ በኩል ባለ አንድ ቀዳዳ እየወረደ፣ ዳሽቦርዱ ስር ወለሉ ላይ የተቀመጠውን የመኪናዋን ኮምፒውተር አጥለቅልቆታል። በቀዳዳው የቴፕ ወፍራም ሽቦ አልፎበታል፤ ውሃ እንዳይገባ የሚደፍነው የጎማ ውታፍ ግን የለም።

እዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን እስከ ጫፉ ማየት ነበረበት። አላየም። ቀና አለና ተራው ሁሉ እየሰማ፣ ቴፕ መግጠም የጋሽ ሀያቱ ሥራ ነው፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ከሳቸው ሌላ ማን እንዲህ ይሠራል አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ጋሽ ሀያቱ ማን መሰሏችሁ? ሙራድ ገና ከስልጤ ሲመጣ ተቀብለው፣ ሽቦ መበየድን ሀ ብለው ያስተማሩት ሰው ናቸው።

ሲጠሩ መጡ። በጀርባቸው ተኝተው ዳሽቦርዱ ስር ገቡ፣ በእጅ ባትሪ አዩ፣ እዚያው ቆዩ። ሲወጡ ሙራድን አላዩትም። ወደ እትዬ ሰዓደት ዞረው፣ «ከእኔ እጅ የወጣ ነው፣ አፉ በይኝ» አሉ።

የተራው ደንብ የታወቀ ነው፤ ያበላሸ ያጸዳል። ሌላ ቅጣት የለውም፣ ግን በአደባባይ ነው። የስልሳ ሁለት ዓመቱ ሰው ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የሻገተውን ሞኬት መንገድ ዳር ዘርግተው፣ ተንበርክከው በየቀኑ በብሩሽ ያሹት ጀመር። ተሸካሚው ሁሉ አልፏቸው ይሄድና ዞር ብሎ ያያቸዋል። ቴፕ ሊያስገጥም የመጣ አንድ ታክሲ ነጂ በዚያ ሁኔታ ሲያገኛቸው ዝም ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ታጠፈ። ሙራድ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ አየ። የእጃቸውን ነው ያገኙት አለ በሆዱ።

ሐሙስ ኮምፒውተሩን ከፈተው። የውስጥ ዕቃዎቹ የሽቦ እግሮች አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠበው፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ቆርቆሮ ላይ አሰጣው፣ የተበላውን አንድ በአንድ በየደው። መልሶ ሊገጥመው ዳሽቦርዱ ስር ሲተኛ ያ ሽቦ ዓይኑ ሥር መጣ። ጫፉ ላይ ሰም የተቀባ ክር ተጠምጥሞበታል። ሽቦው ላይ የተጠቀለለው ናስትሮ በሙቀት እንዳይለቅ ጋሽ ሀያቱ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚያስተምሩት አስተሳሰር ነው። ክሩ ግን የዞረው ወደ ግራ ነበር።

በተራው ወደ ግራ የሚጠመጥም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙራድ ያኔ ትዝ አለው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ለብቻው መሥራት በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ሹፌር ቴፕ ሊያስገጥም ነጭ መኪና አምጥቶለት ነበር። ቀለሟ ተቀየረ እንጂ ይቺው ናት። ውታፉን ነገ አመጣለሁ ብሎ በዚያው ረሳው።

እናንተዬ፣ ያኔውኑ ወጥቶ ቢናገር ምን ነበረበት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ለሱ የተተረተ መሰለው። ግን ክሩን ቆርጦ ኪሱ ከተተ። ዓርብ ጁምዓ ከጋሽ ሀያቱ ጎን ቆሞ ሰገደ፤ ሰውየው ከሱጁድ ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሱ አየና መግቢያ ጠፋው። እንዲያም ሆኖ አልተናገረም፤ ስሙ አሳሳው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ተራው አጨበጨበ። እትዬ ሰዓደት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሙራድን መረቁት፤ የልጄን አባት መልሰህ አመጣህላት አሉት። ከዚያ ሞኬቱ ላይ ወደ ተንበረከኩት ሰው ዞር ብለው፣ «ካስተማሩት ልጅ ይማሩ እንጂ» አሉ።

ጋሽ ሀያቱ ብሩሹን ሳያቆሙ፣ «እውነትሽን ነው» አሉ።

ይሄኔ ሙራድ አልቻለም። ክሩን ከኪሱ አወጣ። ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ፣ ያወቅሁት ሐሙስ ነው፣ አውቄ ነው ዝም ያልኩት አለ። ጭብጨባው ባለበት ቀረ። እትዬ ሰዓደት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሙራድ ሄዶ ከሰውየው ፊት ተንበረከከና ክሩን ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«አይቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዳሽቦርዱ ስር የገባሁ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ። ጉልበቴ ነው ያለቀው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ብሩሹን ከእጃቸው ወሰደ። ሞኬቱ ከዚያ በላይ የሚጠራ አልነበረም፣ እሱ ግን እስከ ዓሱር ሶላት ሲያሸው ዋለ፤ ያለፈው ሁሉ እሱንም ዞር ብሎ አየው። ሙሽራዋ በማግስቱ በአባቷ መኪና ሄደች። ሞኬቱ ስላልደረቀ እግሯ ሥር ሰሌን አነጠፉላት።

ከታክሲ ነጂዎቹ ወደ ጋሽ ሀያቱ የተመለሱ አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ሙራድ እዚያው ተራው ውስጥ ነው። ውሃ የገባባት መኪና ስትመጣ፣ ማን ነው ያበላሻት ብለው ቢጠይቁት አፉን አያስቀድምም። መጀመሪያ የእጅ ባትሪውን ይዞ ዳሽቦርዱ ስር ይተኛና ወደ ግራ የዞረ ክር ይፈልጋል።