እሳት የለመዱ ጣቶች

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የማንቆርቆሪያውን ክዳን ነው። ውሃው ይፈላል፤ ክዳኑ ይንቀጫቀጫል። ልብስ ሰፊዋ ስለ ሱሪዬ ርዝመት እያወራች በባዶ እጇ አነሳችው። ጨርቅ አልፈለገችም፤ አልቸኮለችም። ክዳኑን እንደያዘች ሻይ ቅጠል ጨመረች፣ ወሬዋን ጨረሰች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችው። እኔ እሷን እያየሁ የራሴን ጣቶች እፍ እፍ እል ነበር።

«አያቃጥልሽም እትዬ?»

«ምኑ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

የምኖርባት ክፍል ከሱቋ በላይ ስለሆነች ከዚያ በኋላ ሥራዋን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ካውያው መጋሉን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ጣቷን በምራቋ ታረጥብና የካውያውን ሆድ ነካ ታደርገዋለች፤ «ችስ» ካለ ግሏል፣ ዝም ካለ ገና ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ታናሽ ወንድሟን ያስተማረችው በዚሁ ካውያና በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ወንድሟ ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ሌላ ከተማ ይኖራል።

አባታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ተዳፋት ላይ፣ አንድ እርሻ ነበራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ዓይነት እህል እየዘሩበት፣ ያለ ከረጢት ማዳበሪያ እሺ እስከማይል ድረስ አደከሙት። እሳቸው ሲሞቱ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ነበር። ይህን ሰምቶ አንድ ጡብ ሠሪ ሊገዛው መጣ። ለእርሻ እምቢ ያለ አፈር ለጡብ እሺ ይላል፤ ቆፍረው ይወስዱታል፣ ጉድጓዱ ይቀራል።

«ይውሰደው እታለም» አላት ወንድሟ። «አፈር አይደል? አፈር የትም አለ።»

«አፈሩ ከሄደ በኋላ ጉድጓዱን ማን ያርሰዋል?»

«አሁንስ ማን እያረሰው ነው?»

በዚህ ተሟግተው ተሟግተው በመጨረሻ ተስማሙ። ዝናቡ ከገባ በኋላ ወንድሟ ይመጣል፤ መሬቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ቆሞ ካየ እርሻው የእሷ ይሆናል፤ ካላየ ጡብ ሠሪው ይገባል። እሷ ደግሞ በሕይወቷ ከመርፌ በቀር ምንም ነገር ሰክታ አታውቅም።

ስለዚህ ከአባቷ መሬት ቀጥሎ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተማሪ ሆና ገባች። ሽማግሌው የከረጢት ማዳበሪያ ሳይገዙ ከዓመት ዓመት ያመርታሉ። ጎረቤት ሁሉ «ጋሼ ቆይ» ይላቸዋል፤ ለማንኛውም ጥያቄ ያላቸው መልስ አንድ ነውና።

ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ወደ እርሻው ትወርዳለች። አንዳንዴ እኔም እከተላታለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ብስባሽ መከመር ነበር፤ ገለባ፣ ከዚያ እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ ፍግ፣ በላዩ ጥቂት አመድና አፈር፣ እንደገና ገለባ። ክምሩ በራሱ ይሞቃል። ማለዳ በመንሽ ሲከፍቱት እንፋሎት ይወጣዋል። ምንም ሳይለኩሱበት የሚፈላ ነገር ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበራትም። የልብስ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትመጣ ነበር፤ ረስታው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልትለካበት ኖሯል።

«ገለባው ስንት ሴንቲ ይሁን?»

«ሲበቃው» አሉ ጋሼ ቆይ።

«ውሃውስ?»

«ሲበቃው።»

«እኮ፣ ሲበቃው ማለት ስንት ነው?»

«ቆይ፣ ታይዋለሽ።»

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ታጉረመርማለች። «እኔ ስፌት ሳስተምር እዚህ ጋ ቁረጪ ነው የምለው። ሲበቃው እያልኩ ባስቆርጥ የሰው ቀሚስ መሀረብ ሆኖ በቀረ ነበር።»

አንድ ቀን ጋሼ ቆይ ውሃ ሊቀዱ ሄደው ሲመለሱ፣ የሽንኩርቱን መደብ የሸፈነውን ገለባና ቅጠል ጠርጋ ጠርጋ ጥግ ላይ ከምራ አገኟት። መደቡ እንደ ሱቋ ወለል ጸድቷል።

«ምን አደረግሽ?»

«ቆሻሻውን ጠረግኩልዎት።»

«ልብሱን ነው ያወለቅሽው» አሉና ተቀመጡ። ገለባውን መልሳ እስክታለብስ ድረስ ዓይናቸውን ከእጇ አልነቀሉም። ቀድመው አንድ ቃል ቢነግሯት ምን ነበረበት? ነገር ግን እሳቸውንም በቃል ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ በዓይናቸው የተማሩትን በአፋቸው እንዴት እንደሚሉት አያውቁም።

በዚህ ሁኔታም ቢሆን ተማረች። ብስባሹ ሲጨመቅ እንደተጨመቀ ጨርቅ አንድ ጠብታ ብቻ ማውጣት እንዳለበት ያወቀችው ራሷ ናት። ከዚያ በአባቷ መሬት ታችኛው ክፍል ላይ የራሷን ክምር ሠራች። ጋሼ ቆይ ረጅም ዘንግ ሰጧትና ክምሩ መሃል ድረስ ሰካችው።

«አንዳንዴ ንቀዪና ያዢው» አሉ። «ከሞቀ ገና ነው። ከቀዘቀዘ አፈር ሆኗል፤ ያኔ ለችግኝ ይሰጣል።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከሳቸው አፍ የወጣ ግልጽ ትእዛዝ ይህ ብቻ ነበር። ደስ ብሏት ወደ እኔ ዞር ብላ «ሰማህ?» አለችኝ።

ዝናቡ ገባ። ወንድሟ ደወለና ጭነት አድርሶ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ነገራት። በጋሼ ቆይ መደብ ላይ ያፈላቻቸው የቲማቲም ችግኞች ደርሰዋል፤ የቀረው ወደ አባቷ መሬት ማዛወር ነው።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ቆይ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ወንድሜ በመኪና ይደርሳል።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እንግዲያው ዘንጉ ምን አለ?»

ሄዳ ነቀለችው። መሃሉን በእጇ ጨበጠችው፤ ቆየች፤ በሌላው እጇም ጨበጠችው። «ቀዝቃዛ ነው» ብላ ከማዶ ጮኸች።

«በይ እንግዲህ ስጪው።»

ሊያዩ አልሄዱም። የገዛ ክምሯን ራሷ ትወቅ ብለው ነው።

በየጉድጓዱ ብስባሽ እየጨመረች፣ ችግኞቹን በመስመር ተከለቻቸው፤ መስመሩ በመኪና የተሰፋ ይመስል ነበር። መጀመሪያ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ውሃ ጠማቸው ብላ ዝናብ ባለበት አገር ባልዲ ተሸክማ አጠጣቻቸው። ባሰባቸው። ጋሼ ቆይን ጎትታ አመጣቻቸው፤ እኔም ባልዲውን ይዤ ተከተልኩ።

ሽማግሌው ተንበርክከው ጣታቸውን ከአንዱ ችግኝ ሥር ሰደዱና ወዲያው መለሱት።

«ይሄ እኮ ይፈጃል።»

«ቀዝቃዛ ነው» አለች እሷ፤ እጇ እዚያው አፈር ውስጥ እስከ አንጓዋ ገብቶ ነበር። «እኔ እጄን ከትቼ የለም እንዴ?»

እጇን ሳብ አድርገው ገለበጡት። የጣቶቿን ጫፍ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። መስመር የላቸውም፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ለስልሰው ያበራሉ። ጋሼ ቆይ ምንም ሳይሉ ወደ ክምሩ ሄዱ፣ ዘንጉን ነቀሉ፣ መጥተው ጉንጯ ላይ አሳረፉት። ዘላ ወደ ኋላ ሸሸች።

ጉንጯን ይዛ ጣቶቿን ታያለች፤ የማታውቃቸው ሰዎች ይመስል።

«በጉንጭ ይለካል አይሉኝም ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«እጅ ያለው ሰው በጉንጩ አይለካም።»

«እና እኔ እጅ የለኝም?»

«እኔ በምን ልወቅ ልጄ? እጅ ሁሉ እጅ ይመስለኛል።»

«ሲበቃው፣ ሲበቃው፣ ሲበቃው! የበቃኝስ እኔ!» ሜትሯን ከአንገቷ ጎትታ ጭቃው ላይ ወረወረችው። ከዚያ አነሳችው፤ ጠረገችው፤ ነገ ሥራ አለባት።

ወንድሟ በማግስቱ ደረሰ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሲወርድ ከረሜላ እያኘከ ነበር። መደቦቹን ሲያይ ማኘኩን ተወ። በመስመር የቆሙት ግንዶች ገለባ መስለዋል፤ በአንዱ ጥግ ብቻ፣ መሽቶባት ያለ ብስባሽ ባዶ አፈር ላይ የተከለቻቸው ጥቂቶች፣ ቀጥነውም ቢሆን አረንጓዴ ነበሩ። ያ ነው አንጀቷን ያሳረረው። ምንም ባታደርግላቸው ኖሮ ይሻላቸው ነበር።

«እታለም» አለ፣ «እንዲህ ሆኖ አገኘዋለሁ ብዬ አልነበረም።»

«እጄ ነው። ሙቀት አይሰማውም። ትናንት ነው ያወቅኩት።»

«እጅሽ ደግሞ ምን ሆነ?»

ስትተኩስለት የኖረቻቸውን የትምህርት ቤት ሸሚዞቹን ታነሳበታለች ብዬ እጠብቅ ነበር። የካውያውን እንፋሎት፣ ያን ሁሉ ዓመት፤ ትለዋለች ብዬ ነበር። አላለችውም። መዳፏን ዘርግታ አሳየችው ብቻ። እሱም አየ፤ ረዘም አድርጎ አየ። ጆሮዎቹ ቀሉ። ከረሜላውን ተፋና ተዳፋቱን ወጥቶ ወረደ።

«ለጡብ ሠሪው ቃል ሰጥቻለሁ» አለ ሲመለስ። «ታችኛውን ይውሰድ። ላይኛው ያንቺ ይሁን፤ በቃ፣ ከእንግዲህ መጥቼ አላይም።»

«ላይኛው ድንጋይ ነው።»

«ጡብ ሠሪው የማይፈልገው እሱን ብቻ ነው፣ እታለም። ምን ላድርግ?»

አላመሰገነችውም፤ አልረገመችውምም። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ፣ ከዚያ ክምሯን አየች። ክምሩ ያለው ታችኛው ላይ ነው።

የጡብ ሠሪው ሰዎች አካፋቸውን ይዘው በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። ከላይኛው ጥግ ሆነው ጋሼ ቆይ አጎንብሰው ድንጋይ ይለቅማሉ፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። እሷ ብስባሹን በመንሽ ወደ ጆንያ ትሞላለች። ጆንያውን ልይዝላት እጄን ስዘረጋ ገፋችው።

«ተወው፤ ሸሚዝህን ታቆሽሻለህ፤ ኋላ ማን ያጥብልሃል?»

«አሁንስ ቀዝቅዟል?» አልኳት።

ዘንጉን ነቀለችና ዓይኗን ጨፍና ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጸጥ ብላ ስትሰማው ካውያውን ስታዳምጥ የማውቀው ፊቷ መጣ። «ገና ነው» አለች። «ስንት ይቀረዋል ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ?»

መልሴን አልጠበቀችም። ጆንያውን ጀርባዋ ላይ አነሳች፣ ዘንጉን ብብቷ ሥር አደረገች፣ አካፋ የያዙትን ሰዎች ሰላም ሳትል በመሃላቸው አልፋ ተዳፋቱን ወጣች። ድምፅዋ ከርቀት ይሰማኝ ነበር፤ «ሲበቃው ይሉኛል! ሲበቃው ማለት ምን ማለት ነው?» እያለች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ እግሯ ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ወደ ላይ ሄደች።