ዓርብ ዓርብ የሚመጣው መልእክት

ተጠራጣሪ ነኝ። ለመመጻደቅ ብዬ አይደለም፣ አብሮኝ ያደገ ጠባይ ነው። ጭሮ ከተማ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሻይ ልጠጣ ስወጣ መሳቢያዬን እቆልፋለሁ፣ መቆለፉን ስቤ አያለሁ፣ ከደረጃው ተመልሼ ደግሞ እስበዋለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የኮምፒውተር ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣውም በዚሁ ጠባዬ ነው። በዓመት አንድ ሁለቴ ለሠራተኛው ስለ ኢሜይል አጠቃቀም የማስረዳውም እኔ ነኝ። "ላኪውን ካላወቃችሁት፣ ርዕስ ከሌለው፣ ፋይል ከተያያዘበት አትክፈቱት፣ አጥፉት" እላለሁ፣ ምልክቶቹን በጣቴ እየቆጠርኩ። ይህ ጠባዬ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ጊዜ ግን አንዲት እናትን ጎድቶብኛል፣ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ኢሜይሌ ስሜ የለበትም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የሞባይል ሱቅ ባለቤት፣ ስልኩን የገዛሁ ቀን ከፍቶ የሰጠኝ ነው፤ የሱቁ ፊደላትና ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን በስልኩ ካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። እኛ ጋ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙው እንዲህ ነው። ኢሜይል ከቻርጀሩ ጋር አብሮ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ሰውን ሁሉ የይለፍ ቃል ቀይሩ እያልኩ የምጨቀጭቀው እኔ፣ የራሴን ሦስት ዓመት ሙሉ አልቀየርኩትም።

ነገሩ የጀመረው አይፈለጌ መልእክት ሲበዛብኝ ነው። ሽልማት ደርሶሻል የሚለው፣ መድኃኒት የሚሸጠው፣ በአንድ ሳምንት ሀብታም አደርግሻለሁ የሚለው። ቁጭ ብዬ ማጣሪያ ሠራሁ፤ እንዲህ የሚል ቃል ያለበት፣ ከዚህ አድራሻ የመጣ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይግባ ብዬ ደንብ አወጣሁ። ሁሉም ታዘዘ። አንዱ ብቻ እምቢ አለ።

እሱ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነበር። የላኪው ስም በዓረብኛ ፊደል ነው። ርዕስ የለውም። ውስጡ አንዲት ቃል የለም፣ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ ፋይል ተያይዞበታል። ሦስቱም ምልክቶች ተሟልተዋል። ለብቻው ደንብ አወጣሁለት፣ ከዚህ ላኪ የመጣ ይጣል ብዬ። በሳምንቱ ዓርብ ከምሳ በኋላ ኢሜይሌን ስከፍት ገቢ መልእክቶቹ መካከል ቁጭ ብሏል።

አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያየሁት። ልክ ነው። ደንቡን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፣ ከሌሎቹ በላይ አደረግኩት። ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ለራሴ የሙከራ መልእክት ልኬ፣ ለሱም ተመሳሳይ ደንብ አወጣሁለት፤ ዓይኔ እያየ ወደ መጣያው ገባ። ማጣሪያው ይሠራል ማለት ነው። ለኔ መልእክት ይሠራል፣ ለዚያ አይሠራም። በሦስተኛው ዓርብ ደግሞ እስከዚያ ያላየሁትን አየሁ። ያልተከፈተ መልእክት በደማቁ ነው የሚጻፈው። ይሄኛው አልደመቀም። አንድ ሰው ከፍቶታል።

ጥርጣሬዬ መጀመሪያ ያረፈው ፊት ለፊቴ በምትቀመጠው ባልደረባዬ ላይ ነው። ስልኬ እንዴት እንደሚከፈት ታውቃለች፣ አንድ ጊዜ ፎቶ ስታነሳኝ አሳይቻታለሁ። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ትጠፋለች። ወጥመድ መሆኑ ነው፣ "አንቺ፣ ዓረብኛ ታነቢያለሽ እንዴ?" አልኳት።

"ቁርኣን ቤት የተማርኩትን ያህል" አለችና ሳቀች። "ምነው፣ የሚነበብ አለሽ?"

"የለም፣ ዝም ብዬ ነው።"

አለቀላት በቃ። ምሳ አብሬያት መብላት ተውኩ። ሆዴን አሞኛል፣ ሥራ አለብኝ እያልኩ ሰበብ ፈጠርኩ። እሷ ግን እውነት መስሏት ዝንጅብል ቀቅላ በፔርሙዝ አመጣችልኝ። ዝንጅብሉንም በጥርጣሬ ነው የጠጣሁት።

በአራተኛው ዓርብ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩና ኢሜይሌን በቢሮው ኮምፒውተር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ረፋድ አራት ሰዓት ግድም መልእክቱ መጣ፣ በደንቡ መሠረት መጣያው ውስጥ ገባ። ከዚያ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። ለምሳም አልወጣሁ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ፣ ባልደረባዬ ተመልሳ ፊት ለፊቴ በሁለት እጇ ደብዳቤ እየተየበች፣ መልእክቱ ከመጣያው ወጥቶ ገቢ መልእክት ውስጥ ገባ። እሷ ምንም አልነካችም። እኔም አልነካሁም። በኢሜይሌ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር ከፈትኩ። ሁለት ናቸው። አንዱ የኔ ነው። ሌላው ኖሮኝ የማያውቅ ዓይነት ስልክ ነው።

"አገኘሁህ" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ማንን?" አለች ባልደረባዬ።

እንደጠረጠርኳት እስከዛሬ አታውቅም፣ ይቅርታም አልጠየቅኳት። ያን ስልክ አስወጣሁት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ፣ እሰይ የኔ ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

ከዚያ በኋላ ደንቤ ሰጥ ለጥ ብሎ ተገዛ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓርቦች፣ ቂም ይዤ ነበርና፣ መጣያው ውስጥ ድረስ ገብቼ መልእክቱን ጨርሶ እንዳይመለስ አድርጌ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ደስ ብሎኝ ነው ያጠፋሁት። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓርብ ረሳሁት፣ መጣያው ውስጥ ቀሩ።

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ባለ ሱቁ ደወለ። "ከገለምሶ አንድ እናት መጥተዋል፣ ስልካቸው እምቢ ብሏቸዋል። አንቺ የይለፍ ቃሉን ቀይረሽ ነበር?"

ልጣላ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። እሱ ግን ምንም ያጠፋ አልመሰለውም። በአንድ ስልክ ቁጥር ብዙ ኢሜይል መክፈት እንደሚከለከል፣ ስለዚህ የኔን በእሳቸውም ስልክ ላይ እንደጫነው በዝግታ አስረዳኝ። ለስንት ሰው እንደጫነው ጠየቅኩት። ለሁለታችሁ ብቻ ነው ብሎ ማለ። አላመንኩትም፣ አሁንም አላምነውም።

ሴትዮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ሰላም ስላቸው ብድግ ሊሉ ሞከሩ።

"ይቀመጡ እማማ። ምን እየመጣልዎት ነው በዚህ ኢሜይል?"

"ልጄ ናት" አሉ። "ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ወሰደች። ጁምዓ ሲሆን ሰዎቹ ወደ አያት ቤት ይሄዳሉ፣ የማዳሟ ልጅ ታብሌት ቤት ይቀራል። በሱ ድምፅ ቀድታ ትልካለች። ስትሄድ ከስልኬ ካርቶን ላይ ገልብጣ ይዛ ነበር አድራሻውን። እኔ ማንበብ አልችልም፣ የልጅየው ስም በዓረብኛ ሲጻፍ ግን መልኩን አውቀዋለሁ። ከሶላት ስመለስ እሰማታለሁ።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። "በኋላ ቆሻሻው ውስጥ ገባ። ፈልጌ አወጣሁት። በሳምንቱም ገባ፣ አወጣሁት። ሸይጧን ነው ብዬ ነበር።"

ባለ ሱቁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ስልኬ አየሁ።

መጣያውን ከፈትኩ። ሁለቱ አሉ። የመጀመሪያውን ነካሁት። የምትንሾካሾክ የሴት ልጅ ድምፅ ወጣ፣ ከኋላዋ ልብስ ማጠቢያ ይጮኻል። "አዮ፣ አኒ ፈያዳ" አለች በኦሮምኛ፤ እማዬ፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች። ማንም እንዳልነካት፣ ምግብም እንደማይከለክሏት ተናገረች። ድምፁ ከፍ ብሎ ሱቁን ሞልቶታል፣ እሳቸው ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሲያበቃ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

"አራት ጁምዓ ነው ያለፈው። ይሄ ሁለት ነው። ሁለቱስ?"

አስቤ አይደለም የመለስኩት፣ አፌ ቀደመኝ። "ምናልባት አልላከች ይሆናል" አልኩ።

"እሷ?" አሉ። "እሷ ቀርታ አታውቅም።"

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። "ታሟ ይሆናል" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "ታብሌቱን ስትነካ አይተው መትተዋታል። ለኔ ደብቃ ነው ደህና ነኝ የምትለው። እስቲ የመጀመሪያውን መልሺልኝ፣ ድምጿን ልየው" አሉ።

መለስኩላቸው። አሁን የሚሰሙት ሌላ ነገር ነበር። ደህና ነኝ ባለች ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ማንም አልነካኝም ስትል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስታስል "ይኸው" አሉ። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ተደብቃ የላከችውን ቃል አላመኗትም። በእናቷ ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሥራዬን አውቀዋለሁና አፈርኩ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"እማማ" አልኩ። "ልካለች። አራቱንም ዓርብ ልካለች። ሁለቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። "አንቺ?"

"እኔ። የሌባ መልእክት መስሎኝ።"

"አልሰማሽውም?"

"አልሰማሁትም። ተመልሶ አይገኝም።"

ስድብ ጠበቅኩ፣ ይገባኝም ነበር። እሳቸው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። "አንቺ ነሽ" አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ እሷ ምንም አልሆነችም። አንቺ ነሽ።" መላልሰው ጌታቸውን አመሰገኑ፣ እጄንም አልለቀቁትም።