ወይን ቀማሽ ያሉኝ ለምን እንደነበር

ይህ የደረሰብኝ በጠላት ዘመን፣ ቡሬ ላይ ነው። ያኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ለመጻፍ ያስነሳኝ በቅርቡ ሰርግ ቤት ጠጄን የቀመሰ አንድ ሰው ነው። «ጣሊያን ይመስገን እንጂ! እሱ አይደል ያስተማረዎ!» አለኝ። ሲያንገበግበኝ አደረ።

የተወለድኩት ማንኩሳ ነው። እናቴ ስትሞት ቡሬ ጠጅ ትሸጥ የነበረችው አክስቴ ወሰደችኝ። የጠጅ ሥራ ከልቤ ገባ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ ሲብላላ አዳምጣለሁ። ማሩን አሽትቼ የቆላ ይሁን የደጋ እለያለሁ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ጋን አግብታለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጣሊያኖች ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠሩ በኋላ የመኮንኖቹን የወይን ጠጅ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ እኛ ቤት መመላለስ ጀመሩ። ሲኞር ፒዮ ይባላሉ። አንድ ቀን ተካ በሚባል አስተርጓሚያቸው በኩል አክስቴን «ይቺን ልጅ ይስጡኝ፤ የወይን ጠጅ ሙያ ላስተምራት። በአገሬ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው» አሏት። አክስቴ ፈራች። እኔ ግን ለመንኳት። መጠጥም ትምህርት እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ጉጉቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

እውነቱን ለመናገር፣ አስተማሩኝ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ቀለሙን ማየት፣ አወዛውዞ ማሽተት፣ ተጉመጥምጦ መትፋት። «እንዳትውጪው! ከዋጥሽው ትሰክሪያለሽ፣ ከሰከርሽ ጣዕሙን አትለዪም» ይሉ ነበር። ደስ ሲላቸው ደግሞ «እዚሁ ቡሬ የሴቶች ትምህርት ቤት እከፍታለሁ፤ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» ይሉኛል። እኔ ሞኟ ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣ ነበር።

አንድ ቀን የመኮንኖቹ ምሳ ላይ ተጠራሁ። ከእንግዲህ ወይን ቀማሽ ነሽ ተባልኩ። የክት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ቀይ ወይን ተቀዳልኝ። ቀምሼ ልተፋ ስል ሲኞሩ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

«ዋጪው፣ ሙሉውን» አለኝ ተካ።

ዋጥኩት። መኮንኖቹ ብርጭቆ ሳያነሡ ያዩኛል። አለቃቸው ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ቃሌን የሚጠብቁ መስሎኝ «ጥሩ ነው፤ ግን በርሜሉ አየር ሳያስገባ አልቀረም፣ ትንሽ ኮምጥጧል» አልኩ። ተካ አልተረጎመውም። ከብዙ ቆይታ በኋላ መጠጣት ጀመሩ።

በሌላውም ምሳ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ተካን ከግቢው በር ላይ ያዝኩት።

«ምነው ወንድሜ፣ የምለውን የማትነግርልኝ?»

ግራ ቀኙን አየ። «እህቴ፣ ስለ ጣዕሙ ማን ጠየቀሽ? ሌላ ምሽግ ውስጥ አንድ መኮንን ከምሳ በኋላ ሞቶባቸዋል። አርበኞች አስመርዘውት ነው ይላሉ። እነዚህ የሚጠብቁት መውደቅሽን ነው።»

«ሲኞሩስ ያውቃሉ?»

«ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው። ድሮ የሚቀምሰው ራሱ ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ወዲህ በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ መጥፋት እችል ነበር። ግን አክስቴን ይይዙብኛል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም እልህ ያዘኝ። ለምሳ ስጠራ ሄድኩ። ብርጭቆው ሲቀርብልኝ አልነካሁትም። ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁና «በአገራችን ተማሪ ከመምህሩ አይቀድምም። ሲኞር ፒዮ ይቅደሙኝ» አልኩ።

ተካ ያን ቀን አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ ጮክ ብሎ ተረጎመው።

አለቃው ሳቀ። ብርጭቆውን ወደ ሲኞሩ ገፋለት። ሲኞሩ ፊቱ አመድ መሰለ። አነሣው፣ ተጉመጠመጠው፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ተፋው።

የአለቃው ሳቅ ጠፋ። «ዋጠው!» ብሎ ጮኸበት።

ዋጠ። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ተተከለ፣ ሰዓቱም ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም። በወይኑ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ አልሞተም። እኔን ግን አንዱ ወታደር በጥፊ አጩሎኝ ከግቢ አስወጣኝ። አክስቴና እኔ ጋኑን ለጎረቤት ትተን ወደ ማንኩሳ ሄድን። ማንም አልተከተለንም።

ጠላት ከወጣ በኋላ የሴቶች የባልትና ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ተመዘገብኩ። ጨርሼም እዚያው አስተማሪ ሆንኩ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶችን ጠጅ አጣጣልና አቀማመስ ሳስተምር ዕድሜዬ አለፈ።

ሲኞሩ ሙያውን ያውቅ ነበር፤ ይህን አልክድም። ያሳየኝም እውነት ነበር። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ውሸት ቢያስተምረኝ ኖሮ ሌባ ብዬ እተወው ነበር። እሱ ግን የምወደውን ነገር በሚገባ እያሳየ፣ አስተማሪ ትሆኛለሽ እያለ፣ በእሱ ፋንታ እንድሞት አዘጋጀኝ። እኔም ስንት ተማሪ በእጄ አልፏል። ከእነዚያ አንዷን እንዲህ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ እያዩ?

ዛሬም አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።