የናፍጣ መድኃኒት ለጉጉፍቱ ዳገት

በኅዳር መጨረሻ ላይ የጭነት መኪናዬ ጉጉፍቱ ዳገት አናት ላይ ቀጥ አለችብኝ። ሲሚንቶ ጭኜ ከኮምቦልቻ በደሴ በኩል ወደ ወረኢሉ እየሄድኩ ነበር። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ሞተሩ መጀመሪያ ጉልበት አነሰው፣ ቀጥሎ ይንገጫገጭ ጀመር፣ ከዚያ ዝም አለ። ወርጄ የናፍጣ ማጣሪያውን ስፈታ ውስጡ ያለው ናፍጣ አድሮ እንደ ቀዘቀዘ የበግ ወጥ ሞራ ረግቷል። ፀሐይ ወጥታ እስክታሟሟው ድረስ እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ቆምኩ። ሲሚንቶ ብርድ አይፈራም፤ አርፍጄ ደረስኩ እንጂ የከፋ ነገር አልመጣብኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጭነት መጣ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነች ሴት ታላቅ እህቷን ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። እህትየው ከጉጉፍቱ ማዶ የሚኖሩ፣ በዕድሜም ከእኔ ከፍ የሚሉ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የመንደራቸው ሴቶች ተሰባስበው ዶሮ ሊያረቡ ኮምቦልቻ ካለ ማስፈልፈያ የአንድ ቀን ጫጩት አዘዋል። ባለፈው ዓመት ያስመጧቸው ጫጩቶች መኪና ተበላሽቶ መንገድ ላይ በብርድ አልቀውባቸው ነበር።

«ሁለተኛ እንሞክር ብዬ ሴቶቹን ያግባባሁ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ያንተ መኪና የምትቆም ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። አልቀየምህም።»

ደብቄ ልጭንላቸው አልፈለግሁም፤ ከሲሚንቶው ጋር የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ መድኃኒት የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ ቁርጡን እነግርዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። የዚያን ቀን ልቤ እምቢ ወደ ማለቱ ያዘነብል ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ መኪናዬን የሚሠሩልኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ከእሳቸው ሌላ ሞተሬን ያስነካሁት ሰው የለም። ጉዳዩን ስነግራቸው ወዲያው ላምባ ቀላቅልበት አሉኝ። በወጣትነታቸው የደጋውን መንገድ ሲነዱ ናፍጣውን በላምባ እያቀጠኑ ነበር የሚወጡት። እውነታቸውን ነው፤ ላምባ ናፍጣን ያቀጥናል። ግን የእኔ መኪና አዲስ ሥሪት ናት፤ የናፍጣ ፓምፗ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ቅባት ነው፤ ላምባ ደግሞ ደረቅ ነው። በዚያ ላይ በየሱቁ በጀሪካን የሚሸጠው ላምባ ከምን ጋር እንደተቀየጠ ማን ያውቃል? ይህን ስላቸው ጋሼ ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ።

«እንግዲህ ፓምፑ ያንተ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ስጠይቀው ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አወጣልኝ። ቀዩን ሾፌር ሁሉ ይወስደዋል አለኝ። ነጩ አንድ ብቻ ቀርቶታል፤ አቧራ ለብሷል፤ የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ቦታም ተፍቆ አይነበብም። ጽሑፉን በስልኩ እያስተረጎመ አነበበልኝ። ቀዩ ሞተር ያጸዳል፣ ጭስ ይቀንሳል፤ ስለ ብርድ ግን አንድም ቃል የለውም። ነጩ ናፍጣ በብርድ እንዳይረጋ ያደርጋል ይላል። ሆኖም የሚጨመረው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው፤ አንዴ ከረጋ በኋላ አይፈይድም። ስለዚህ ይዤው ልውጣና ከባሰብኝ እጨምረዋለሁ ማለት አይቻልም። ወይ እዚሁ ሙቀቱ ላይ አምኜው መጨመር፣ ወይ መተው።

ነጩን ገዝቼ ጋራዥ ተመለስኩ። ሳልሞክረው የሰው ጭነት ይዤ ልጨምረው አልደፈርኩም። ጋራዡ አጠገብ ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ትልቅ ማቀዝቀዣ አላት፤ ሄጄ ለመንኳት። መጀመሪያ የማሾፍ መሰላት። የጫጩቶቹን ነገር ስነግራት፣ ሽታው እንዳይወጣ በፌስታል ደራርበህ ካሰርከው ታችኛው ጥግ አስቀምጥ አለች። ሦስት ብልቃጥ አዘጋጀሁ። አንዱ ውስጥ ናፍጣ ብቻ፣ በሁለተኛው ናፍጣና ላምባ፣ በሦስተኛው ናፍጣና ከነጩ መድኃኒት ጠብታ። ላምባውን ያመጡልኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ተቀይመው የነበረውን ትተው በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀመጡ።

ከምሳ በኋላ ከፍተን አየን። ምንም ያልገባበት ደፍርሶ ከሥሩ ነጭ ነገር ተኝቶበታል። የላምባው ስስ ጉም የመሰለ ነገር ይዟል። የነጩ ጥርት ብሎ ቁጭ ብሏል። ጥቂት ይቆይና ደግሞ እንየው ስንባባል መብራት ጠፋ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ብርዱ ከዚያ ቢጠነክር ነጩም ይርጋ አይርጋ ሳናውቅ ቀረን። የጉጉፍቱ የንጋት ብርድ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይበልጥ እንደሆነ ወይም ያንስ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሱ አገላበጡ። በመጨረሻ ነጩን አድርግ አሉኝ። ከዚያ ወደ መደርደሪያቸው ሄደው አዲስ ማጣሪያ አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይሄንንም ያዝ። መድኃኒቱ የሚያውቀው ናፍጣን ነው። ሌላ ነገር ቢገጥምህ አያውቅልህም።»

ማታውን እትዬ ጋ ደውዬ እንሄዳለን አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ደስ አላለኝም፤ ጨነቀኝ።

ነጩን መድኃኒት እዚያው ሙቀቱ ላይ ታንከሩ ውስጥ ጨምሬ፣ ጫጩቶቹን ሊረከቡ ከወረዱት ከእትዬ ጋር ጎህ ሳይቀድ ከኮምቦልቻ ተነሳን። ጫጩቶቹ ቀዳዳ ባላቸው ካርቶኖች ተደርድረው በሸራ ተሸፍነዋል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ሆጤ ስንደርስ የእትዬ እህት ውኃ አፍልታ ጠበቀችን። የፈላውን በጀሪካን ሞልተን፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን፣ በካርቶኖቹ መካከል አስገባን። እስከ መንደሩ ድረስ የጫጩቶቹ ሙቀት እሱ ብቻ ነው።

ከደሴ ወጥተን ዳገቱን ጀመርን። እትዬ ጋቢና ውስጥ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ከኋላ የጫጩቶቹ ጫጫታ ይሰማል። ሲሚንቶ ጭኜ የቆምኩባትን ኩርባ ስንደርስ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ሞተሩ ምንም ሳይል አለፋት። ትንፋሼን ለቀቅሁ። ትንሽ እንደ ሄድን ግን መኪናዋ ከሥር የተጎተተች ያህል ነጠቅ አደረጋት፤ ደግማ ነጠቅ አደረጋት፤ ከዚያ ቆመች።

ማጣሪያውን ስፈታ የጠበቅሁት ሞራ አልነበረም። ናፍጣው ጥርት ያለ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ከሥሩ ግን የበረዶ ስብርባሪ አለ። ናፍጣው ውስጥ ውኃ ነበረ፤ ከየት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የጋሼን አዲስ ማጣሪያ አስገብቼ በእጅ ፓምፑ ናፍጣ ለመሳብ ሞከርኩ። ባዶ ነው፣ አይመጣም። ለካ ወደ ማጣሪያው የሚመጣው ቧንቧም ውስጡ በረዶ ይዟል። ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ንፋሱ ሸራውን ያርገበግባል፤ የጫጩቶቹ ድምፅም ከቅድሙ የሰለለ መሰለኝ።

ቧንቧውን የሚያላቅቀው ሙቅ ውኃ ነው። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሙቅ ውኃ ያለው እነዚያ ጀሪካኖች ውስጥ ብቻ ነው። አፍ አውጥቼ መጠየቅ አቃተኝ። ወደ ሸራው ስመለከት እትዬ አዩኝና ገባቸው።

«ስንቱን ትፈልጋለህ?» አሉ።

«እኔ እንጃ። አፍስሼው ባይነሳስ እትዬ?»

«ካላፈሰስክበት ይነሳል?»

«አይነሳም።»

«እንግዲያውስ ቢስሚላህ ብለህ አፍስስ። አብሽር።»

ጀሪካን አቀበሉኝና እሳቸው የለበሱትን ወፍራም ጋቢ አውልቀው ሸራው ሥር ገቡ። ካርቶኖቹን ወደ መካከል ሲያጠጋጉ ይሰማኛል። ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልዬ ውኃውን ቀስ አድርጌ አንቆረቆርኩበት። የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ፣ ፓምፑ እንደ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ወሰድኩ። እሱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ፓምፑ መዳፌ ሥር ጠጠር እያለ መጣ። ናፍጣው ደረሰ። ጋቢና ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ባትሪው በብርዱ ደክሞ አቃሰተ እንጂ አላስነሳም። ከዚያ በላይ ብነዘንዘው ጨርሶ ሊሞትብኝ ነው። እጄን ከቁልፉ ላይ አንስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባትሪው እንዲያርፍ ትንሽ ታገስኩት። እንደገና ሳዞረው ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጢሱን ተፋ፣ ተነሳ።

ወደ ጋቢና እንዲመለሱ ጠራኋቸው።

«እዚሁ ነኝ» አሉኝ ከሸራው ሥር። «ሂድ፣ አትቁም።»

የቀረውን መንገድ ሁሉ ከጫጩቶቹ ጋር ተቀምጠው ሄዱ። እኔ ኩርባ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ኋላ እጥላለሁ፤ ጫጩቶቹን ልስማ እሳቸውን ልስማ አላውቅም።

መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሸራውን ስገልጥ እትዬ በካርቶኖች ተከበው፣ አንዱን ታቅፈው፣ ጋቢያቸውን ለሌሎቹ አልብሰው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ደግፌ አወረድኳቸው። ጠርዝ ላይ የነበሩት ካርቶኖች ውስጥ የሞቱ ጫጩቶች ነበሩ። እትዬ የሞቱትን ራሳቸው እየለቀሙ ሴቶቹ እያዩ ለብቻ አስቀመጧቸው፤ አንዱንም አልደበቁም። ከዚያ ቀና ብለው «አልሐምዱሊላህ፣ የሚበዛው ደኅና ነው» አሉ።

ሴቶቹ የተረፉትን ተከፋፈሉ። ጫጩቶቹን እፍኝ እፍኝ እያነሱ ደረታቸው ላይ፣ በልብሳቸው ውስጥ ከተቱና ፈጠን እያሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ጫጫታው በየአቅጣጫው እየራቀ፣ ከየአጥሩ ኋላ ገብቶ ጠፋ። እትዬ አንዷን ሴት ተደግፈው ሲሄዱ ዞር ብለው እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ ፀሐይዋ ጋቢናውን እስክታሞቀው ድረስ ሞተሩን ለማጥፋት አልደፈርኩም፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጭነቱ እንደወረደ እያወቅሁ፣ አሁንም እያዳመጥኩት ተቀመጥኩ።