ከደጄ የተለቀመው ላባ

ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና አንድ እፍኝ ላባ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ።

«ይህን የለቀምሁት ከመምህር ደጃፍ ነው። አውራ ዶሯቸውም ከጮኸ ሳምንት አልፎታል... እኔ ሌላ አልልም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። በዚህ በአሶሳ ሰፈራችን በጾም ነገር ያልገሠጽሁት ሰው የለም፤ የገዛ ወንድሜን ልጅ እንኳ ወተት ጠጣ ብዬ ከማዕዴ ያስነሣሁ ነኝ። ሰው ሲጣላ ለእርቅ የሚጠራኝም ቃሌን ብሎ ነው። እንግዲህ ያ ስም በአንድ እፍኝ ላባ ሊወድቅ ሆነ።

«አልበላሁም» አልሁ።

«ነገሩ ቀላል ነው፤» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ «ይማሉና እንበተን።»

«አልምልም!»

«ምነው መምህር?»

«ቅኔ ቤት ያደግሁት ቃሌ ቃል እንዲሆን ነው። ያለ መሐላ ካላመናችሁኝ በመሐላም አትመኑኝ።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ዶሮ ጉሮሮ ላይ እያለ እንዴት ይማላል!» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ልቤ ነደደ... ከወንበሬ ግን አልተነቃነቅሁም። ስልኬን አውጥቼ ለባልንጀራዬ ለአቶ አብዱልከሪም ደወልሁ። የአሶሳ ተወላጅ፣ የእህል ነጋዴ ነው። «ዶሮዬን ይዘህ ና» ብቻ አልሁት።

እስኪመጣ ድረስ ከኪሴ ትንሽ መንጠቆ፣ ፒንሳና ጥቁር ክር አወጣሁ። መንጠቆውን በፒንሳ ጨምድጄ ክሩን በጀርባው ላይ አጠበቅሁ። ከዚያም ወይዘሮ ዘነበች ካቀረቡት ማስረጃ ላይ አንድ ቀይ የአንገት ላባ መረጥሁ። ከላባው ጥቂት ነጥዬ ለጭራ አሰርሁ፤ የቀረውን በመንጠቆው ዙሪያ ጠመጠምሁት፤ ጫፉ ላይ ቋጠርሁና የክሩን ትርፍ በጥርሴ በጠስሁ።

ሰዉ ሊያይ ከየወንበሩ ተንጠራራ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ዳኛው።

«የሐሰት ዝንብ ነው፤ ከዶሮዬ አንገት ላባ የነጨሁትም ለዚሁ ነው። ቆሮሶ የሚሉት ትንሹ ዓሣ ውኃው ላይ ሲያየው ነፍስ ያለው መስሎት ይጎርሰዋል። ሸርቆሌ ስደተኞች ጣቢያ ለእርዳታ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ ሰው ለአብዱልከሪም አሳየው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ።»

«መምህርም ሐሰት መሥራት ጀመሩ!» አለ ያው ጎልማሳ።

«ለዓሣ ነው። ለሰው አልሠራሁም፤ አልሠራምም።»

«ታዲያ በሁዳዴ ዓሣ ሊበሉ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ገና ተስፋ ሳይቆርጡ።

«ዓሣም አልቀምስም! ወንዝ የምወርደው ከፋሲካ በኋላ ነው። ክር መቋጠር ጾም አያስገድፍም።»

ይህን ጊዜ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። አብዱልከሪም አውራ ዶሮዬን በብብቱ ይዞ ገባ። ዶሮው አንገቱ ግማሽ በግማሽ ተመልጧል፤ ኩራቱ ግን አልጎደለም።

«ወላሂ መምህር፣ ዶሮዎቼ ለመዱት! አውራ የላቸውም ብለህ አዋስከኝ፣ አሁን ደግሞ አምጣ ትላለህ?»

ዶሮው ከብብቱ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የገዛ ላባውን ረግጦ ቆመና... አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ ጮኸ።

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዳኛው ሳቃቸውን እንደ ምንም ዋጥ አድርገው «ይቅር ይበሉን፤ ግን አንዴ ቢምሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አሉኝ።

«አንዴ ብታምኑኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አልኋቸውና ዝንቤን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ «ያን ዶሮ ለፋሲካ ያርዱታል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አንድ ነው፦ ምስክሬን አላርድም።