ሲ ሜጀር በሦስት ሰፈር

ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሊነሳ ሲል ቀድሞ የሚደርሰው የአፈር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬን ሲመታው፣ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጊታር ጆሮዬን እጥላለሁ።

ያደግኩት ካርቱም፣ ሳጃና ነው። እማ የወሎ ሰው ናት፤ ባባ ደግሞ ሱዳናዊ፣ የካላክላ ልጅ። በብርዱ ወራት ባባ ከሥራ ሲመለስ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጊታር ያስተምረኝ ነበር። ሲ ሜጀር አንድ ኮርድ፣ አንድ የድምፆች ጥምር፣ ቢሆንም በሦስት ቦታ ይያዛል ብሎ፣ ለእያንዳንዱ የሰፈር ስም አውጥቶለት ነበር፤ ከላይ፣ የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ሳጃና፣ ሦስተኛው ፍሬት፣ ሦስተኛው የብረት መስመር ላይ ቡሪ፣ ስምንተኛው ላይ ካላክላ። ዓይኔን ያስጨፍነኝና መትቶ፣ «ያላ፣ በይ፣ የት ነኝ?» ይለኝ ነበር። ቡሪን ከሳጃና ሳምታታ ይስቅብኛል፤ ካላክላን ግን አንድም ቀን ስቼው አላውቅም። ትንሿ ጣቱ ድሮ ተቆርጣ ስለነበር እዚያ አራተኛዋን ክር መያዝ እያቃተው ያፍናት ነበርና፣ እሷ ብቻ ድፍን ትል ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ባባ ታሞ ሆስፒታል ተኛ፣ እኔንም ጎረቤት አስቀመጡኝ። ስመለስ እማ፣ ተሽሎት ለሥራ ፖርት ሱዳን መሄዱን ነገረችኝ። እሷም ከቤት መውጣት አቆመች፤ ስጠይቃት ወገቤን አሞኝ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ሲመጣ ላስደንቀው ብዬ በየቀኑ ሦስቱንም ሰፈር ስለማመድ፣ ጎረቤቶቻችን በር ላይ ቆመው ያዩኝና ፊታቸውን አዙረው ይሄዱ ነበር።

የምማርበት የሐበሻ ትምህርት ቤት ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ሀቡብ መጣ። በርና መስኮቱን ዘግተን፣ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ወትፈን፣ በዚያ ቀይ ጨለማ ውስጥ አልጋው ላይ ከእማ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ፊት ለፊታችን የተሰቀለው ጊታር ተመታ። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፤ አራተኛዋ ክር ድፍን። ማንም ጣቱን ያላሳረፈበት ጊታር ሲ ሜጀር እንደማይሰጥ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አፌ ግን ለምዶ መለሰ።

«ካላክላ ነህ፣ ባባ።»

እማ እጄን ያዘችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ባባ ከሞተ አርባ ቀን አልፎት ነበር፤ የተቀበረውም ካላክላ፣ ከአባቱ ጎን ነው። እማ እንደ አገሯ ሰው መርዶዬን ከፈተናው በኋላ ልታደርገው፣ ጎረቤቱን ሁሉ እንዳይነግረኝ አስምላ፣ ወገቤን እያለች ሐዘን ተቀምጣ ኖሯል።

ዛሬ አሥሩም ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ ክሮቹንም ስንቴ ቀይሬያቸዋለሁ። ሳጃናና ቡሪ ጥርት ብለው ይወጡልኛል፤ ካላክላ ላይ ግን አራተኛዋ ክር እስካሁን ድፍን ናት። ያኔ ባባ የት እንዳለ ሳላውቅ፣ ይመጣል ብዬ በደስታ እጫወት ነበር። አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አፈር ሲሸተኝ ግን በሩን ዘግቼ እጠብቀዋለሁ።