አትግቡ የተባለው ገጽ

ከደብረ ታቦር ሆኜ የዜማ ትምህርት ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። አንድ ሰሞን ገጹ አልከፈት አለ። ሰርቨሩን ሳየው ሮቦቶች፣ ድረ ገጽን በራሳቸው የሚያስሱ ፕሮግራሞች፣ ወረውታል፤ ያገኙትን ሁሉ እየገለበጡ ፋታ ነስተውታል። ደሜ ፈላ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ በሚከፍት ሁሉ ላይ ዘጋሁበት።

በማግስቱ ዜማውን በድምፃቸው የቀዱልኝ የኔታ ደወሉ።

«ተማሪዎቼ ምን በድለውህ ነው የዘጋህባቸው?»

«የኔታ፣ ሁሉንም በተራ ሲከፍቱ ሮቦት መስለውኝ ነው።»

«ከመካከል የሚጀምር የዜማ ተማሪ የት አይተህ ታውቃለህ?»

እውነታቸውን ነው። የአብነት ተማሪ የትናንቱን ከመነሻው ሳይከልስ ወደ ዛሬው አያልፍም።

ለተማሪዎቹ ከፈትኩና ለሮቦቶቹ ወጥመድ አበጀሁ፤ «እዚህ አትግቡ፤ የገባ ይዘጋበታል» የሚል ገጽ። ክልከላውን ሮቦቶች ከመግባታቸው በፊት ሊያነቡት በሚገባ ፋይል ላይም ጻፍኩት። ጨዋዎቹ ሮቦቶች አንብበው አለፉ። ባለጌዎቹ ዘው ብለው ገቡ፤ ተጠረቀመባቸው። ከተማሪዎቹ አንድም ዝር ያለ የለም። ይኸው ዛሬ ድረ ገጹ ሳይንገራገጭ ይሠራል።

በወጥመዱ የተያዘ ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የኔታ ተቆጥተው ደወሉ።

«ደግሞ በእኔ ትዘጋብኝ?»

«አትግቡ የሚለው ጋ ገቡ እንዴ፣ የኔታ?»

«ታዲያስ! ምን ደብቀህ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ!»